ስለ በደለኛ ጸሐፊና ስለ መጽሐፉ



በዚህች ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው። አንድ ሰው መልካም መጽሐፍ ጽፎ ኑሮው ግን የከፋ ሆኖ ቢገኝ፥ ክርስቲያን የሆነ አንባቢ ስለ መጽሐፉ ምን ሊፈርድ ይገባዋል? ከቤቱ ያውጣውን? ወይስ የጸሐፊውን በደል እንዳልሰማ ሆኖ በቃሉ ማማር ደስ ይበለው? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ለተቀመጠው ተማሪም፥ ለልጆቹ መጽሐፍ ለሚገዛው አባትም፥ ማታ ለቤተ ሰቡ አንብቦ ለሚያሰማውም ይደርሰዋል።

ነገሩን በደፈናው ብንናገረው ሁላችን በቀላሉ እንስማማለን፤ ስም ሲጠራ ግን ልብ ይለያያል። ስለዚህ ስም እንጥራ።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለደ። የዘጌን ቡና የቀመሰ ሁሉ አገሩን ያውቀዋል፤ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። ገና በወጣትነቱ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ የሥዕልን ጥበብ ተማረ። ሁለተኛ ወደ አውሮፓ በሄደ ጊዜ በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሆነ፤ እርሱም ለትምህርት ከነበረበት ከስዊስ ወጥቶ አገሩን ሊይዝ ወደ መጣው ወደ ኢጣሊያ ወገን ገባ። ከዚያም በናፖሊ ከተማ አማርኛ ሲያስተምር ቆየ፤ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ልብ ወለድ ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ጦቢያ እየተባለ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ከተጻፉት ረጅም የፈጠራ ታሪኮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ታሪክ ሁሉ፥ የቱንም ያህል የተለየ ቢሆን፥ ወገኑ ልብ ወለድ ተብሎ በዚያው ስም ይጠራል። እንግዲህ መጽሐፉን ፈጽሞ አላነብም የሚል ሰው እንኳ ስለ ሌላው ልብ ወለድ ሲናገር ያንኑ ቃል በአፉ ይዞ ነው።

ኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም አገኘ። በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ፥ ከዚያም በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት መልክተኛ ሆኖ ተቀመጠ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ግን ለያዘው መንግሥት አደረ። አፈ ንጉሥ ይባል የነበረው የቀድሞ ማዕረግ ተለውጦ አፈ ቄሳር ተባለ። ወላጆቹ አፈ ወርቅ ብለው የሰየሙት ልጅ፥ የታላቁን ሰባኪ የዮሐንስን ስም የተሸከመ ሰው፥ በእርጅናው የቄሳር አፍ ሆነ። ያ መንግሥት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ያደረገውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ጅማ ተጋዘ፤ ዓይኑ ጠፍቶ በዚያው በ1940 ዓ.ም. ሞተ።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ብንነግረው እንደ ሩቅ ታሪክ ይሰማው ይሆናል። ለደምበጫ ሰው ግን ሩቅ አይደለም። ጎጃም አርበኞቿን በዱር በገደል ስትመግብ አምስት ዓመት የኖረች አገር ናት። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ፥ ከቡሬ የለቀቀው የኢጣሊያ ጦር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ በዚሁ በእናንተ መንገድ አለፈ። በደምበጫ አቅራቢያ ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ሻለቃ ከመንገዱ ላይ ገጠመውና ብዙ ደም ፈሰሰ። ያ ትውልድ አልፏል፤ የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከማን እንደሚጀምር ሲጠየቁም የሚመልሱት ስም ይኸው የአፈ ወርቅ ስም ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በአያቱ ደምና በመምህሩ ትምህርት መካከል ቢቸገር አያስደንቅም። ችግሩም የተማረ ሰው ሊንቀው የሚገባ ነገር አይደለም።

አንዳንዶች፥ መጽሐፉ ሌላ፥ ሰውዬው ሌላ፥ ምን አገናኛቸው ይላሉ። ይህ አነጋገር ለአፍ ይቀላል፤ እውነት ግን አይደለም። ጦቢያን ያነበበ ሰው ታሪኩ በምን ላይ እንደ ቆመ ያውቃል። በጦርነት ተማርኮ ስለ ወደቀ አባት፥ ስለ ተዋለለት ውለታ ዋጋ ሊመልስ ወጥቶ በባርነት ስለ ተያዘ ወንድም፥ እርሱን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ስለ ተንከራተተች እኅት የሚናገር ነው። ከዳር እስከ ዳር የታማኝነት ታሪክ ነው። ለወገን መታመንን እንዲህ አሳምሮ የጻፈው እጅና ለቄሳር ያገለገለው እጅ የአንድ ሰው እጅ ነው። ይህን ለተማሪ ሳይነግሩ መጽሐፉን ብቻ መስጠት በሐሰት ከመመስከር የሚርቅ አይመስለንም። እውነት ከፊሉ ሲነገርና ከፊሉ ሲሸሸግ ሰሚውን ያስታልና።

ሌሎች ደግሞ፥ ሰውዬው ከሐዲ ነውና መጽሐፉም ይጥፋ ይላሉ። የእነዚህ ቁጣ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ አንነቅፈውምም። ነገር ግን በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው ፍርዱን እስከ መጨረሻው ሊወስደው ይችል እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። በጎጃም ምድር ዳዊት የማይደገምበት ደብር የት ይገኛል? ሽማግሌው በማለዳ ተነሥቶ ይደግመዋል፤ ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ ንባቡን በእርሱ ያጸናል፤ ሙት ሲቀበር ይነበባል። የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ ማን ነው? በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ተመልከቱ። ዳዊት የታማኝ ወታደሩን ሚስት ወሰደ። ከዚያም ኦርዮ በጦር ግንባር ተትቶ እንዲሞት ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውንም ላከው በራሱ በኦርዮ እጅ። ያ ምስኪን ሰው የሞቱን ፍርድ በመቀነቱ ቋጥሮ፥ ያልተገባውን አደራ አክብሮ፥ ሳያነብበው ሄደ። አንባቢዎች ሆይ፤ የመዝሙሩም ብርዕ የደብዳቤውም ብርዕ በአንድ እጅ ተያዘ። ዳዊት በሰይፍ ብቻ የበደለ ሰው አይደለም፤ በጽሕፈትም በደለ።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጊዜ ምን አደረገ? መዝሙሩን አላወጣውም። በደሉንም አልሸሸገም። ሁለቱን በአንድ ጥራዝ ውስጥ ጠረዛቸው። እንዲያውም በግእዙ ቍጥር 50ኛው መዝሙር በርእሱ ላይ ናታን ስለ ቤርሳቤህ ወደ ዳዊት የገባበትን ጊዜ ይጠራል፤ የሚደግመው ሁሉ ያን ነውር ሳያስታውስ እንዳይጀምረው ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ሰሎሞንን የወለደችውን ሴት በስሟ አልጠራትም፤ የኦርዮን ሚስት ብሎ ጠራት እንጂ። ሺህ ዓመት አልፎ እንኳ የተበደለው ሰው ስም ከመጽሐፉ አልጠፋም። በዚህ አንቀጽ ጥቂት የቈየነው የነገራችን ሥር በዚህ ስላለ ነው።

ምናልባት፥ ዳዊትስ ንስሐ ገባ፥ አለቀሰ፥ እግዚአብሔርም ማረው፥ እንዴት ከሌላው ጋር ታመሳስሉታላችሁ ትሉ ይሆናል። መልካም ተናገራችሁ። እንግዲያስ ንስሐ ሳይገባ የሞተውን በለዓምን ውሰዱ። በኦሪት ዘኍልቍ ከ22ኛው እስከ 24ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግምለት ዋጋ ሰጥቶ ጠራው። እርሱ ግን አፉን በከፈተ ቍጥር ምርቃት ወጣ፤ ከያዕቆብ ስለሚወጣው ኮከብ የተናገረውን ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ስለ ክርስቶስ መወለድ የተነገረ ትንቢት አድርገን እንቀበለዋለን። የሰውዬው መጨረሻ ግን በዚያው መጽሐፍ በ31ኛው ምዕራፍ አለ። እስራኤልን የሚያሰናክል ምክር ለጠላት መክሮ በምድያም ነገሥታት መካከል በሰይፍ ወደቀ። ሐዋርያው ጴጥሮስም የዓመፅን ዋጋ የወደደ ሰው መሆኑን ይመሰክርበታል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አፍ የወጡትን ሁለት ነገሮች ለየች፤ ትንቢቱን ጠበቀች፥ ምክሩን አወገዘች። በለዓም ክፉ ነውና ኮከቡ ይጥፋ አላለችም፤ ኮከቡ ያምራልና በለዓም ደግ ነው አላለችም።

በነጋድራስ አፈ ወርቅም ነገር መለየት የሚገባው እንዲሁ ነው። በ1900 ዓ.ም. የታተመው ታሪክ አንድ ነገር ነው። ለቄሳር መንግሥት ምስጋና የጻፈውና የተናገረው ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ በሁለተኛው በደሉ ከጽሕፈቱ ውጭ የቆመ ሳይሆን ራሱ ጽሕፈቱ ነውና። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ታሪክ የሚመረምር ሰው ለምስክርነት ያንብበው፤ ለአማርኛው ማማር ብሎ የሚያነብበው ግን ባላቅ ከከፈለበት ገበታ እንደሚበላ ሰው ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት በሰሜን አፍሪካ የነበሩ ክርስቲያኖች ይህን በሚመስል ነገር ተጨንቀው ነበር። የሰማዕታት ዘመን ብለን የምንቈጥረው የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ሲነሣ፥ አንዳንድ ካህናት ሞትን ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለገዢዎች አሳልፈው ሰጡ። ሕዝቡም አሳልፈው ሰጪዎች ብሎ ጠራቸው። በፈረንጆች ቋንቋ ከሐዲን የሚጠሩበት ቃል ከዚያው ከሮማይስጥ ግንድ የወጣ ነው። ስደቱ ሲያልፍ ዶናጦስ የተባለው ኤጲስ ቆጶስና ተከታዮቹ፥ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ የተሰጠ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ብለው ተለዩ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ411 ዓ.ም. በቀርታግና ታላቅ ጉባኤ ተደርጎ ተፈረደባቸው። ከእነርሱ ጋር የተከራከረው አውግስጢኖስ፥ እርሱም የጕልማሳነቱን ነውር በገዛ እጁ ጽፎ ለዓለም የተወ ሰው ነው፥ ጥምቀቱ የአጥማቂው ሳይሆን የክርስቶስ ነውና በአጥማቂው ኃጢአት አይረክስም ብሎ አስተማረ።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን ትምህርት ይዘው፥ እንግዲያስ የደራሲው ኃጢአት መጽሐፉን አይነካውም ይላሉ። ወንድሞቼ ሆይ፤ በዚህ አንስማማም። ጥምቀት የክርስቶስ ነው፤ ልብ ወለድ ግን የጸሐፊው ነው። ካህኑ የሌላውን ስጦታ ያቀብላል፤ ጸሐፊው የልቡን ይሰጣል። አውግስጢኖስ ለምሥጢራት የሠራውን ጋሻ ለደራሲዎች ማዋስ ስፍራው አይደለም። ደራሲውን የምናነብበው ከበደሉ ስለ ተሸሸገ ሳይሆን፥ ማንበብ ይቅርታ ማለት ስላልሆነ ነው።

በዚህ ነገር ብዙዎች ሲሳሳቱ እናያለን። ማንበብን እንደ ማስታረቅ ይቈጥሩታል። መጽሐፉን ከከፈትሁ ሰውዬውን ማርሁት፥ ከዘጋሁት ኰነንሁት ይላሉ። ነገር ግን አንተ አንባቢው በደብረ ሊባኖስ የወደቁትን መነኮሳት ወክለህ ይቅር ለማለት ማን ሾመህ? ለመኰነንስ ዙፋኑን ማን አስረከበህ? ሁለቱም ከእጅህ ውጭ ናቸው። በእጅህ ያለው መጽሐፉ ብቻ ነው፤ የምትጠየቀውም ከእርሱ ምን ወስደህ ምን እንደ ተውህ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ በሙሴ ወንበር ስለ ተቀመጡት ጻፎችና ፈሪሳውያን ሲናገር፥ ትምህርታቸውን ከሥራቸው እየለዩ እንዲይዙ ሕዝቡን አዘዘ። ስማቸውን ግን አልሸፈነላቸውም፤ በዚያው ምዕራፍ ወዮላችሁ እያለ ገሠጻቸው። የቅኔ ተማሪም ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ በእግሩ ዞሮ፥ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ፥ መምህሩ መጠጥ የሚወድ ቢሆን ቅኔውን ይቀበላል እንጂ ዋንጫውን አይቀበልም።

ያንኑ ያህል የሚያስፈራ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በጸሐፊው በደል ራሳችንን ማጽደቅ ነው። ናታን ስለ ባለጠጋውና ስለ ድሃው በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ ዳዊት እጅግ ተቈጣ፥ ፈጥኖም ፈረደ። የተቈጣው በታሪክ ውስጥ ባለ ሰው ላይ ነበር፤ ወዲያው ናታን ጣቱን ወደ እርሱ መለሰ። ዛሬም ስለ አፈ ቄሳር ሲነገር እጅግ የሚቈጣ፥ ነገር ግን ለሹም ደስ እንዲለው በጎረቤቱ ላይ የሐሰት ምስክርነት የሚጽፍ ሰው አይታጣም። በወረቀት አገልግሎ ወገኑን መጉዳት በ1928 ዓ.ም. አልተጀመረም፤ በ1933 ዓ.ም. አላበቃም። እንዲሁም የደግ ሰው መጽሐፍ ማንበብ ብቻውን ደግ አያደርግም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለደ የዚሁ የጎጃም ልጅ ነው፤ በወረራው ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ተዋግቶ ተማርኮ በኢጣሊያ እስር ቤት ዓመታት ኖረ፤ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተመ። ኑሮውና መጽሐፉ የተስማሙ ናቸው። ነገር ግን ፍቅር እስከ መቃብርን በክብር መደርደሪያ ላይ አኑሮ፥ በመጽሐፉ ውስጥ የተወቀሰውን የመኳንንት ትዕቢት በገዛ ቤቱ በአገልጋዩ ላይ የሚፈጽም አንባቢ፥ ከሐዲስ ታማኝነት ምን ደረሰው?

አሁን ወደ ምግባሩ እንምጣ፤ የምናነብበው ብቻችንን አይደለምና። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያዪቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፥ ሥጋው በራሱ የሚያረክስ እንዳልሆነ አመነ፤ ይሁን እንጂ ለወንድሙ መሰናከያ ከሚሆን እስከ ዘላለም ከሥጋ መከልከልን መረጠ። እንግዲህ አያቱ በአርበኝነት የወደቀበት ወዳጅህ፥ ይህን ሰው አላነብም ቢልህ፥ ያልሠለጠነ ብለህ አትሣቅበት። ያንተ ማንበብ ኃጢአት እንዳልሆነ ሁሉ የእርሱም መተው ድንቍርና አይደለም። ለቅሶ ባለበት ቤት የመጽሐፉን ማማር እያነሣህ አትጫወት። መምህር የሆንህ እንደ ሆነ ልጁ እምቢ ያለበትን ምክንያት እንዲጽፍ ፍቀድለት፤ የጻፈውንም መጽሐፉን አንብቦ እንደ ጻፈው ልጅ አክብረህ እረም።

ደግሞም የሞተና በሕይወት ያለ ጸሐፊ አንድ አይደለም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነ፤ መጽሐፉን የሚገዛ ሰው ብር ለእርሱ አይደርስም፥ ክብሩም በደል አይጨምርለትም። በሕይወት ያለ፥ በዝናውም ተሸፍኖ ሰውን የሚበድል፥ ሴትን የሚያዋርድ ወይም ወገንን በወገን ላይ የሚያነሣ ጸሐፊ ቢኖር ግን፥ መጽሐፉን መግዛት ኃይል መስጠት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከመጽሐፉ ይልቅ ዛሬ ስለሚበደለው ሰው ነው፤ እርሱን አስቀድሙ። ማንበብ የግድ ቢሆንባችሁ ከጓደኛ ተዋሱ።

ጦቢያን ለማንበብ የወደዳችሁ ግን እንዲህ አድርጉ። ከመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በእጃችሁ ይህን ጻፉ፤ ጸሐፊው በዘጌ በ1860 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህን መጽሐፍ በሮማ በ1900 ዓ.ም. አሳተመ፤ አገሩን ለያዘው ጠላት አገልግሎ አፈ ቄሳር ተባለ፤ በጅማ በግዞት በ1940 ዓ.ም. ሞተ። ከእርሱ በታች በዚያ ዘመን ከቤተ ሰባችሁ የወደቀ ሰው ቢኖር ስሙን ጻፉ፤ ማንም ባይኖር በዚያ የካቲት በደምበጫ መንገድ ስለ ወደቁት አንድ መስመር ጻፉ። ከዚያም ገጹን ገልጣችሁ ንባቡን ጀምሩ።